ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የተዛቀ አፈር

በማኅበሩ መጋዘን በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያላነበበ ሰው አልነበረም፤ ማንበብ የማይችለውም አስነብቦ ሰምቷል። የአፈር ጥበቃ ቢሮ ማኅተም ያረፈበት ይህ ወረቀት ነገሩን ባጭሩ ነው የጨረሰው። የአርባ ሦስት ቤተሰብ ማሳ ተመርምሮ አፈሩ የሞተ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በሕጉ መሠረት ተቃውሞ ካልቀረበ የላይኛው አፈር ተገፎ ለጡብ ፋብሪካ ይሰጣል። ቀን፣ ቁጥር፣ ፊርማ። ሰው ሲሞት እንኳ ከዚህ የረዘመ ነገር ይጻፍለታል።

እሑድ ረፋድ ላይ ከአውቶቡስ የወረደችው ሴት ወረቀቱን ቆማ አላነበበችም። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው፤ ምርመራውን የሠራችው ራሷ ናት። ተወልዳ ያደገችበት መንደር ሰው "ሐኪሟ" ይላታል፣ የአፈር ሐኪም ለማለት፣ ግማሹ በኩራት ግማሹ በቀልድ። አፈር ላብራቶሪ ሲገባ የባለቤቱን ስም ትቶ ቁጥር ብቻ ይዞ ስለሚገባ፣ ሞቷል ብላ የፈረደችበት የገዛ አጎቷ ማሳ መሆኑን ያወቀችው ዓርብ ዕለት ዝርዝሩ ሲወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም።

እናቷ ከሞተች በኋላ አሳድገው ያስተማሯት እኚህ አጎቷ ናቸው፤ የማኅበሩ ሊቀመንበርም ናቸው። "እንኳን ደህና መጣሽ" ሲሏት መልስ ሳትሰጥ ከበሩ ጀርባ አካፋውን አንስታ ወደ ማሳው ነጎደች። እሳቸውም ተከተሏት። ጎረቤታቸውም ተከተለ፤ ሰውዬው የሰማውን ሳያሰራጭ ስለማያድር "ሬዲዮ" ነው የሚባለው፣ እንዲህ ያለ ነገር ሊያመልጠው አይችልም።

አካፋው ያለ ትግል ገባ። ተገልብጦ የወጣው አፈር ጥቁር፣ እርጥብ፣ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ነበር። ሁለት የምድር ትሎች ብርሃኑን ሸሽተው ተመልሰው ገቡ።

"አጎቴ፣ የሞተው ይሄ ነው?"

"እንግዲህ ማሽናችሁ ተሳስቶ ይሆናል" አሉ አጎቷ፣ ሰማይ ሰማዩን እያዩ።

"ማሽኑ የነገረኝ ያመጡልኝን ነው። ከየት ነው ያመጡልኝ?"

አጎቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሬዲዮ ግን አላስቻለውም።

"ኧረ ማሽኑ ምን አደረገ! እኛው ነን አሳምረን የሠራነው። የአፈር ጥበቃ አዋጁን አንብበነዋል እኮ! ጤነኛ የተባለ መሬት ምን ይሰጠዋል? አይነካም የሚል ወረቀት፣ በቃ። ታማሚ የተባለ ግን ኖራ አለው፣ ችግኝ አለው፣ ባለሙያ ይመደብለታል። ታዲያ ምን ቂሎች ነን ጤነኛ ነን የምንለው? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ያ ናፍጣና የተቃጠለ ዘይት ሲደፋበት የኖረው የለም? ለናሙና የተጠየቅነውን አሥራ ሁለት ከረጢት በሙሉ ከዚያ ሞላን።" ከዚያ አንገቱን አከከ። "ትንሽ በዛ መሰለኝ።"

ትንሽ በዛ! ታማሚ ለመባል አቅደው ሬሳ ሆነው አረፉት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ እሷ ሴትዮ እንኳ ብልጥ ነኝ ብላ አልፎከረችም። በዚህ መንደር እስክሪብቶ የያዘ ሰው ሲመጣ ማልቀስ ከአያት የወረደ ሙያ ነው። ላሚቱ ትታለባለች? ነጥፋለች። ምርቱስ? ተባይ በላው። ጥንት እውነት ነበራቸው፤ የሚመጣባቸው ሁሉ ደህናውን አይቶ የሚወስድ ነበር። አሁን ግን ደህናውን አትንኩ የሚል ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቶ ደጃቸው ድረስ መጣ፤ እነሱም እንደለመዱት አለቀሱበት።

ሐኪሟን ይበልጥ ያንገበገባት ደግሞ መሬቱ በዕድል ጤነኛ አለመሆኑ ነው። ልጅ ሆና ይህ ዳገት ቀይ ጎርፍ የሚወርድበት ራቁት ቦታ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ አርባ ሦስቱም ቤተሰብ እየወጣ እርከኑን ድንጋይ በድንጋይ ካበው፤ ከብቱን ከዳገቱ አገደ፤ ገለባውን ማቃጠል ትቶ አብስብሶ ለመሬቱ መለሰ። የሥራው አስተባባሪ እኚሁ አጎቷ ነበሩ።

"ሃያ ዓመት የለፉበትን በአሥራ ሁለት ከረጢት ካዱት!" ብላ ጮኸች። "ግሬደሩ መጥቶ ይህን ሁሉ አፈር ሲገፈው ምን ሊሉት ነው? ቀልዳችንን ነበር ሊሉት ነው?"

"ድምፅሽን ቀንሺ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ!"

ይስማ ትበል እንጂ፣ ሰው እንዲሰማባት የማትፈልገው ጉድ የራሷም ነበራት። አዋጁ መርማሪው ራሱ ማሳው ድረስ ሄዶ፣ ከገበሬዎቹ ተወካይ ጋር አፈሩን በእጁ ወስዶ፣ ሁለቱ አብረው እንዲፈርሙ ያዛል። እሷ አልሄደችም። ቢሮው መኪና አልሰጣትም፤ ተወካዩ አጎቷ ከረጢቶቹን በሚኒባስ ጭነው ሲያመጡላት "አጎቴን ያላመንኩ ማንን ላምን ነው" ብላ "ከማሳው ላይ በእጃችን ወሰድን" ከሚለው ሥር ፈረመች። በኋላም ቁጥር ብቻ ይዘው ከሌሎቹ ጋር ተደባልቀው ማድረቂያው ምድጃ ውስጥ ስታስገባቸው ናፍጣ ናፍጣ ሸተዋት ነበር። ከጫናቸው መኪና ይሆናል ብላ አለፈችው። አሥራ ሁለት ከረጢት አንድ ዓይነት ውጤት ሲሰጥም አለፈችው፤ ያን ሳምንት ሦስት መቶ ከረጢት ነበረባት። ምክንያት ሞልቷል። ስንፍና መቼ ምክንያት አጥቶ ያውቃል?

ሰኞ ጠዋት የቢሮው ኃላፊ ዘንድ ገባች።

"የኛ መንደር አፈር እንደገና ይመርመር" አለች። "ናሙናው የሐሰት ነው።"

ኃላፊው ተነስቶ በሩን ዘጋ። "የገባው በሁለት ፊርማ ነው፣ የሚወጣውም በሁለት ፊርማ ነው። ተወካዩ ዋሽቻለሁ ብለው ይፈርማሉ፤ መርማሪዋም ማሳው ላይ አልነበርኩም ብላ ትፈርማለች። ተወካዩ ከሊቀመንበርነት ይነሳሉ፣ መንደሩ ሦስት ዓመት ድጋፍ አያገኝም፣ መርማሪዋ ትባረራለች። ሕጉ ግልጽ ነው።"

"መኪና ይሰጠኝ ብዬ አራት ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ!"

"አራቱም ፋይል ውስጥ አሉ" አለ ኃላፊው፣ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ እህቴ፣ ዝም አይነቅዝም። አሥራ አምስት ቀን ምን አላት፣ ታልፋለች። አንቺም ሥራሽ ላይ ትቆያለሽ።"

"መሬቱስ?"

"መሬቱማ የሞተ ነው። የፈረምሽው አንቺ ነሽ።"

በሩን ስትወረውረው መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። የሚያናድደው ሰውዬው መዋሸቱ አልነበረም፤ አልዋሸም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ያሰቡበት ነበር፣ ሁለት ፊርማ ያሉት ገበሬውና ባለሙያው አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነው። እሷና አጎቷ ግን ተከባብረው፣ ተዛዝነው፣ እየተመራረቁ መሬቱን ገደሉት።

ረቡዕ ከሰዓት መጋዘኑ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ሰው በዘር ከረጢት ላይ ተቀምጧል፣ የተረፈው ግድግዳ ተደግፏል። ሐኪሟ ስትገባ ሬዲዮ ማኅበሩ ለቢሮው ያዘጋጀውን የተቃውሞ ደብዳቤ ቆሞ እያነበበ ነበር። "ላብራቶሪው በፈጸመው ከባድ ስህተት ምክንያት..." ይላል ደብዳቤው። ከረጢት የለም፣ ወፍጮ ቤት የለም፣ ናፍጣ የለም። አጎቷ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅረዋል።

"ምን ላድርግ ልጄ" አሉ ሳያዩዋት። "መንደሩ በሙሉ ውሸታም ከሚባል..."

"እኔ ብቻዬን ልባል" አለች ሐኪሟ። "ይሁን! ግን ይህ ደብዳቤ ዋጋ የለውም፤ ቢሮው ሁለት ፊርማ ነው የሚፈልገው። አንዱ ይሄው።"

ከቢሮው ያመጣችውን የእርማት ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የራሷን ክፍል ሞልታዋለች፤ ማሳው ላይ እንዳልነበረች፣ ሳታይ እንደፈረመች፣ ሽታው ነግሯት እንዳለፈችው። ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

"የቀረው የእርስዎ ነው" አለች። "'የማሳው ትክክለኛ ሁኔታ በተወካዩ አንደበት' ይላል። ይናገሩ፣ እጽፋለሁ።"

አጎቷ ተነሱ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "እንግዲህ መሬታችን..." ብለው ጀመሩ፣ "ዘንድሮ ዝናቡም እንደምታውቁት... ዳገቱም ቢሆን... እኛም አቅም የለንም..."

ሐኪሟ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

"አያልቅሱ! እዚህ ማንም የሚወስድብዎት የለም! እንዳለ ይናገሩት!"

ሽማግሌው ደነገጡ። ሰባ ዓመት ሙሉ ያልተናገሩትን ነገር ከየት ያምጡት? ሲያዩዋቸው የማያውቁትን ቋንቋ እንዲናገሩ የተገደዱ ይመስሉ ነበር።

"ጻፊ" አሉ በመጨረሻ። "ጤነኛ ነው።"

ጻፈች።

"ጥቁር ነው። ውሃ ይይዛል። ትል አለው።" ድምፃቸው ተሰበረ፣ ግን አላቆሙም። "ሲሰጡን እንዲህ አልነበረም። እኛ ነን ያዳንነው፣ እነዚህ የተቀመጡት ሁሉ፣ ድንጋይ ተሸክመው። ከዚያ ሞቷል ብለን እኛው መሰከርንበት። እኔ ነኝ ያስመሰከርኩት። ይህንንም ጻፊ።"

ጻፈችው። እስክሪብቶውን አቀበለቻቸው።

አጎቷ ግን ዓይናቸው የእሷ ፊርማ ላይ ቀረ። "አንቺስ? አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?"

"እባረራለሁ። እርስዎም ይወርዳሉ። ይፈርሙ።"

ፈረሙ።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀኑን አየ፣ ፊርማዎቹን አየ፣ የሚያመልጥበት ቢያጣ "ተቀብለናል" የሚለውን ማኅተም መታበት፤ ግሬደሩም በዚያው ቀረ። ከዚያ ማኅተሙን አስቀምጦ እጁን ዘረጋ። ሐኪሟ የላብራቶሪውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው።

"ለሚቀጥለው ሰው መኪና ይስጡት" አለችው። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ትታ፦ "ስጠው።"