ላፍቶ ዳገት ላይ የምትፈላው ፊያት

ጎረቤቲቱ ብርነሽ ከአጥር ወዲያ ሆና ለእህቷ «የከበበውን መኪና ቡዳ በልቷታል፤ ማን እንደበላትም አውቃለሁ፤ ስም ግን አልጠራም» ስትል ነገሩ ከበበው ጆሮ ጥልቅ አለ። እዚያው ላይ ዝም ብትል ደግ ነበር። «ጤናዬ ናት» አለች።

ጤናዬ የሚስቱ የወርቅዬ ባልንጀራ ናት። ማየት ትወዳለች፣ አይካድም፤ ያቺ አሮጌ ፊያት ባለፈች ቁጥር እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ነው የምትሸኛት።

ከበበውን የጨነቀው ግን ሌላ ነው። እሁድ የክርስትና ልጁን ሙሽራ በመኪናዬ አመጣለሁ ብሎ ነፋስ ስልክን ሙሉ አውርቷል። መኪናዋ ደግሞ ሰሞኑን የላፍቶን ዳገት ስትጀምር እንደ ሽሮ ትንተከተካለች። ሙሽራ በእንፋሎት ታጥና ልትገባ ነው?

መካኒኩን መኩሪያን ጠራው። መኩሪያ ራዲያተሩን ከፍቶ አየ፤ ውሃው ሙሉ ነው። ቺንጊያውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገ፤ አልላላም። ቱቦውን ዳበሰ፤ አያፈስም።

«ምንም የላትም። እንደ አማቴ ናት፤ ሥራ ሲጠራት ነው የሚያማት» ብሎ ሄደ።

እሱ እንደሄደ ወርቅዬ ጥልፏን ይዛ ብቅ አለች። ይቺ ሴት ቤቷ ውስጥ ልብስ ያላለበሰችው ዕቃ የለም፤ ሬዲዮኑም፣ ሻንጣውም ለብሷል። ለመኪናዋም ሰሞኑን ዓይን እንዳይገባት ብላ የሠራችላትን፣ ሁለት ጣዎስ የተጠለፈበትን ወፍራም ጨርቅ መልሳ ከፊቷ ላይ ግጥም አድርጋ አሰረችላት።

ቅዳሜ ሊፈትኗት ወጡ፤ ከበበው፣ ወርቅዬ፣ ብርነሽና ጤናዬ። ዳገቱ እኩሌታ ላይ ፈላች። ብርነሽ ጤናዬን በጎን አየቻት። ከበበውም የሙሽራዋ ነገር አስጨንቆት እያፈረ እንዲህ አለ፦

«ጤንዬ፣ ክፉ አይምሰልሽና፣ እስቲ አንዴ እንትፍ በይላት።»

ጤናዬ ወረደች። ከፊት ለፊት ቆማ እጇን ወደ ጣዎሶቹ አስጠጋች፤ እንደ ምድጃ ይጋረፋል።

«ወርቅዬ፣ መኩሪያ ሲያያት ይህን ለብሳ ነበር?»

«አይ። ጥልፌን ግራሶ ይንካው እንዴ?»

ጤናዬ እንትፍም ሳትል ጨርቁን ፈትታ ጭኗ ላይ አድርጋ ገባች። እስክትበርድ ጠበቁ፣ ውሃ ሞሉ፣ ተነሱ። ፊያቷ ነፋስ እየተቀበለች ዳገቱን ጨረሰች፤ ሹልክ ያለ እንፋሎት የለም። ከበበው ተነፈሰ።

«አላልኳችሁም?» አለች ብርነሽ፤ «እንትፍ ብላላት ነው የዳነችው።»

ጤናዬ ጨርቁን አጣጥፋ ብርነሽ ጭን ላይ አኖረችላት።

«እንኪ፣ ብርነሽ። ነገ ይህን አፍና አፍንጫሽ ላይ እሰሪና ዳገቱን በእግርሽ ውጪው፤ ስትፈዪ የምንጠረጥረውን ሰው ያኔ ትነግሪናለሽ።»