የጋሽ ሙለታ ሰዓት

«አይንኩት፣ ጋሼ። እባክዎ እጅዎን ያንሡ።»

ጋሽ ሙለታ ጣታቸውን ከሰሌዳዋ ቁልፍ ላይ አነሡ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው የአየር መለኪያ ሰሌዳ አምስት ሰዓት ከዐሥር ትላለች። አጠገቧ ያለው የግድግዳ ሰዓት አምስት ከዐሥር ይላል። የሽማግሌው የእጅ ሰዓትም እንደዚያው። ሦስቱም ተስማምተዋል፤ ቀመሪያን ወንበር ላይ ዘጭ ያደረጋትም ይኸው መስማማታቸው ነበር።

ቀመሪያ ከጓደኛዋ ከዳዊ ጋር «ደጃፍ» የሚባል ድረ ገጽ ሠርታለች። በየጣሪያቸውና በየበረንዳቸው ትንንሽ የአየር መለኪያ የሰቀሉ ሰዎች የቤታቸውን ሙቀት፣ ነፋስና ዝናብ ለሌላው የሚያካፍሉበት ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ እንደሆነ አመሉ ይታወቃል፤ ተክለ ሃይማኖት ጎርፍ እየወረደ ሰንጋ ተራ አቧራ ይቦናል። እንግዲያው የየሰፈሩን ዝናብ የየሰፈሩ ሰው ይመዝግበው ብላ ተነሣች። መጀመሪያ እሺ ያሏት ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር፣ ጋሽ ሙለታ ናቸው። ያገለገለ መለኪያ ፈልገው ገዙ፤ ሰንጋ ተራ ያለው ኮንዶሚኒየማቸው ጣሪያ ላይ አሰቀሉት፤ የሚለካውን የሚያሳየውን ሰሌዳ ሳሎናቸው ሰቅለው ራሳቸው አስተካከሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላጓደሉም።

የዛሬው ጣጣ የጀመረው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው። አንዲት ሴት ልደታ ድረስ ሰው እየጠየቀች መጥታ የቀመሪያን በር አንኳኳች። ሀሚዳ ትባላለች። ባሏ ነስረዲን የሕንፃ ሥራ ፎርማን ነው። ባለፈው ሚያዝያ ሰንጋ ተራ ላይ የመሠረት ጉድጓድ ተደርምሶ አንድ የቀን ሠራተኛ ሞተ፤ ነስረዲን ታሰረ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ድንገት ዝናብ ወረደ፣ ውጡ ውጡ እያልኩ ሳለ አፈሩ ተናደ ይላል። መዝገቡ ውስጥ ያለው ወረቀት ግን ዝናቡ የወረደው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው ይላል። ስለዚህ አፈሩ መራሱን እያወቀ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሰው ጉድጓድ ውስጥ አሠርቷል ማለት ነው። አብረውት የነበሩት ሠራተኞች ቢመሰክሩለትም ወዳጆቹ ናቸው ተባለ፤ ወረቀት ወዳጅ የለውም። ወረቀቱ ከ«ደጃፍ» የታተመ ነበር፤ ፍርዱም የሚነበበው ዛሬ ከሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

«ይቺን ያወጣሽው አንቺ ነሽ?» አለች ሀሚዳ ወረቀቱን ዘርግታ።

ቀመሪያ እንደ ልማዷ ዝናብ ከሰፈር ሰፈር እንደሚለያይ ልታስረዳት ሞከረች።

«እኔ እኮ የምኖረው መለኪያው ካለበት ሕንፃ ሥር ነው፣ እህቴ። ጉድጓዱም ከአጥሩ ጀርባ ነው። የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ የልጆቹን ብርድ ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ዐሥር ሰዓት ላይ ሩጬ ስደርስ ውሃ ጠጥቶ ማንሣት አቃተኝ። ጠዋት አንዲት ጠብታ አልወረደም። ሰው ይዋሻል እሺ፤ ብርድ ልብስ ምን አግኝቶ ይዋሻል?»

ቀመሪያ ኮምፒውተሯን የከፈተችው ሴትዮዋን ልታሳምን ነበር። የዝናቡን ትታ የሙቀቱን መስመር ተከተለች። በሌሎቹ መለኪያዎች የቀኑ ሙቀት የሚበረታው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ በጋሽ ሙለታ መለኪያ ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ያለፈውን ቀን ከፈተች፣ ያለፈውን ወር ከፈተች፤ ያው ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠራራ የሚወጣው በየትኛው አገር ነው? እሷ ግን ከዝናቡ ድምር በቀር ሌላውን አይታው አታውቅም።

ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ድረ ገጹ መለኪያዎቹ የሚልኩትን የፈረንጅ ሰዓት ይቀበልና ስድስት ቀንሶ በእኛ ሰዓት ያሳያል። ጋሽ ሙለታ ደግሞ ሰሌዳቸውን እንደ ማንኛውም ያገሬ ሰው በእጅ ሰዓታቸው ሞልተዋል። ከተቀነሰው ላይ ሌላ ስድስት ተቀነሰ። የዐሥር ሰዓቱ ዝናብ ወደ ጠዋት ተመለሰ፤ ድንገት የደረሰበት ሰው እያወቀ የገደለ ሆነ።

የሚያንገበግባት ይህ ብቻ አይደለም። ነስረዲንን ያሠራ የነበረው የሥራ ተቋራጭ ጠበቃ ወረቀቱን ሊያሳትም ሲመጣ ደስ ብሏት ቆማ አስተናግዳዋለች። መረጃው ትክክለኛ ስለመሆኑ ደብዳቤ ጽፋ ማኅተም አድርጋለታለች። በማን ላይ እንደሚውል አልጠየቀችም። ይባስ ብላ በድረ ገጹ ግንባር ላይ «በፍርድ ቤት ማስረጃነት የቀረበ» ብላ በትልቁ ለጠፈች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይህ ነው።

ወደ ጋሽ ሙለታ ቤት እየሮጠች ሳለ ለዳዊ ደውላ ነግራዋለች። ዳዊ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይዝ ለዚህ ነገር የደከመ ልጅ ነው። ነገ ለገበሬ ሰብል ዋስትና የሚሰጥ የመድን ድርጅት ሰዎች «ደጃፍ»ን ሊያዩ ይመጣሉ።

«አንድ መስመር ኮድ ነው፣ ቀመሪያ» አላት። «የእሳቸው ላይ ስድስት ሰዓት ጨምሪና ዝም በይ። ድረ ገጹ ይስተካከላል።»

«ወረቀቱስ?»

«ከነገ በኋላ ሄደን እንነግራቸዋለን።»

«ከነገ በኋላ ሰውየው ተፈርዶበታል፣ ዳዊ። ምንም እንዳትነካ። ከነስሕተቱ ይቀመጥ፤ ዳኞቹ ከፍተው ቢያዩት አሁን የተነካካ እንዳይመስል።»

ዳዊ ስልኩን ዘጋው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነስረዲን ግን የሚያድርበት ጊዜ አልነበረውም።

አሁን ጋሽ ሙለታ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰዓት ክልል አስተምሬያለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ስንቱን ተማሪ በዚሁ ጥያቄ ጥዬዋለሁ።»

ሰሌዳዋን ሰዓቷን ሳይነኩ ለማስረጃ ከግድግዳው አወረዷት። ባትሪ ስላላት አትጠፋም። በፎጣ ጠቀለሏትና ቀመሪያ እንደ ሕፃን አቅፋት ወረዱ። ታክሲ ጠብቀው ሲያጡ በእግራቸው ሄዱ፤ ሽማግሌው ሁለቴ ቆመው ትንፋሽ ወሰዱ። ፍርድ ቤት ሲደርሱ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኞች ምሳ ወጥተዋል። ሀሚዳ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው። ሰባት ሰዓት ተኩል እስኪሆን ሦስቱም የተቆለፈውን በር ሲያዩ ቆዩ። ቀመሪያ በሕይወቷ እንደዚያ ሰዓት የረዘመባት ሰዓት የለም፤ ደግሞም እየሮጠባት ነበር።

የመዝገብ ቤቱ ሴትዮ ነገሩን አዳመጠችና ራሷን ነቀነቀች።

«ማስረጃ የሚቀርብበት ጊዜ አልፏል። አቤቱታ ጻፊና ስጪኝ፤ ለዳኞቹ አስገባዋለሁ። ያዩታል ብዬ ግን አልዋሽሽም።»

ቀመሪያ ወረቀት ለመነቻት። ሴትዮዋ ሰጠቻትና ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረች፦ «ስሕተቱ የማን እንደሆነ ለይተሽ ጻፊ። የባለ መሣሪያው ነው የድረ ገጹ? የባለ መሣሪያው ከሆነ እናንተን አይነካችሁም።»

«የእኔን ስም ጻፊ» አሉ ጋሽ ሙለታ ወዲያው። «ሰዓቱን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ውሸት አይደለም። ጡረተኛ ምን ይወሰድበታል? አንቺ ነገ እንግዳ አለብሽ።»

ቀመሪያ ቀና ብላ አየቻቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ዘንቧል፣ አልዘነበም እያሉ ይደውሉላት የነበሩ ሰው ናቸው። የሸሚዛቸው አንገት በላብ ርሷል። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነዘረ፤ ዳዊ መሆኑን ሳታይ አወቀች። አላነሣችውም። አጎንብሳ ጻፈች፦

«እኔ ቀመሪያ፣ የመለኪያው ባለቤት ሰዓቱን በየትኛው አቆጣጠር እንደሞሉት ሳልጠይቅ፣ ትክክል ነው ብዬ ማኅተም አድርጌ ሰጥቻለሁ። ዝናቡ የወረደው ተከሳሹ እንዳለው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ስሕተቱ የእኔ ነው።»

ፈረመች። ከፊርማው ሥር ቀኑን ጻፈች፣ ሰዓቱንም ጻፈች፦ 7፡50። ወረቀቱን ልትሰጥ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሳበችው። ከቁጥሩ አጠገብ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለየች፣ «ከቀኑ፣ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር» ብላ ጨመረች።