ትርፍ ግድግዳ

ሰፈሩ ሁሉ «ቀና በል» ይለዋል። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ደንበኛ ባስቀመጠ ቁጥር «ቀና በል! ወደ መሃል!» እያለ ሲጮህ የወጣለት ስም ነው። ሰው ከመሃል፣ ግራና ቀኙ እኩል፤ ከዚህ ውጪ ፎቶ የሚባል ነገር አያውቅም። በመንገድ በኩል ያለው መስኮትም የእሱ ነበር፤ የፎቶ ቤቱ ባለቤት በየሰኞው የምትሰቅለው የእሱን ሥራ ብቻ ነበር።

የሚስቱ ወንድም እስኪቀጠር ድረስ ማለት ነው። ያስቀጠረውም ራሱ ነው፤ ምነው አፉን በያዘው!

አማቹ አንዲት ልብስ ሰፊ አነሳ። ሴትዮዋን ከታች ቀኝ ጥግ ላይ ወሸቃት፤ የቀረው ባዶ ግድግዳና ከዳር በበሩ የገባ ብርሃን ነው። ዓይኗም ወደዚያው ነው። ሰኞ ያለ ፍሬም መስኮቱ ላይ ተሰቀለ። ዳቦ የያዘው ቆመ፣ የቸኮለው ቆመ፣ አልፎ የሄደው ተመልሶ ቆመ። ቀና በል ከውስጥ ሆኖ አንጀቱ አረረ። ለእሱ ፎቶ እንዲህ የቆመ ሰው ትዝ አይለውም።

«ሴትዮዋን ነው ያነሳኸው ወይስ ግድግዳውን?» አለው።

«ሁለቱንም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ግድግዳውንም ፈገግ በል አትለውም ነበር?»

አማቹ ከልቡ ሳቀ። የባሰው ደግሞ ይሄ ነው፤ አይቀየምም።

ማክሰኞ አማቹ ለምሳ ሲወጣ ቀና በል ፎቶውን አወረደ። ወረቀት መቁረጫው ላይ አጋደመና ትርፉን ግድግዳ ሸረከተው። ሴትዮዋ መሃል ገባች። በትንሽ ፍሬም አድርጎ መልሶ ሰቀለና ጠበቀ። አንድም የቆመ የለም። እሰይ!

ባለቤቲቱ ከውጭ ስትመለስ መስኮቱ ፊት ግራ ተጋብታ ቆየች።

«ይቺ ሴትዮ ምን ሆነች?» አለች ገብታ። «ትናንት ሰው ትጠብቅ ነበር እኮ። ዛሬ ዝም ብላ ተቀምጣለች።»

 ቀና በልም የመቁረጫው ምላጭ ሲወርድ ይሄው ታውቆት ነበር።

ከምሳ የተመለሰው አማቹ የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። በዚያ ቤት እንዲህ ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ቀና በልን አንዴ አየውና፣

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ፍሬሙ አልበቃ ብሎኝ ነው፤ ሌላ አትማለሁ» አለ።

ምነው በሰደበኝ! አለ ቀና በል በሆዱ። በዚህም በለጠኝ!

«እንግዲያው በሰፊ ፍሬም ይሁን» አለች ባለቤቲቱ ወደ ቀና በል ዞራ። «አንተ አስገባልኝ፤ ካንተ እጅ አይጣመምም።»

ሰፊ ፍሬም በቤቱ አንድ ብቻ ነው፤ ቀና በል ያነሳው የሠርግ ፎቶ ነበረበት፤ ሃያ ሰው በሁለት ረድፍ፣ ሙሽሮቹ እምብርቱ ላይ። ወንበር ላይ ወጥቶ አወረደው። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለ፤ የገዛ ሥራውን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ በፊቱ ደፋው፤ አዲሱን ህትመት በቦታው አስገባ። መስታወቱን ሊወለውል ጎንበስ እንዳለ ዓይኑ ከሴትዮዋ ተነስቶ፣ ግድግዳውን ተሻግሮ፣ በሩ ድረስ ሄደ። እዚያው ቀረ።

«ጋሼ፣ ላግዝህ?»

«ወግድ!» አለ። ጨርቁን የያዘው እጁ ግን ከቆመ ቆይቷል።