የብርድ መከላከያው ካርቶን

ሳል ከጀመረኝ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። የምሠራው የሳንባ ነቀርሳ አክታ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ስለሆነ ለማንም አላወራሁም። አብራኝ የምትሠራው አንጋፋዋ ባለሙያ፣ ሁላችንም እትዬ ብርዴ የምንላት፣ ግን ሰምታኛለች። ፍርዷ የታወቀ ነው፤ ንፋስ መትቶኛል።

እትዬ ብርዴ ከባክቴሪያ ይልቅ ንፋስ ትፈራለች። መስኮት አታስከፍትም። አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ነው የምትውለው።

ያን ቀን ጠዋት የደህንነት ካቢኔቱን የሚፈትሸው ቴክኒሺያን መጣ። ካቢኔቱ ፊቱ በመስታወት የተጋረደ፣ ከስር እጅ የምናስገባበት ክፍተት ያለው ትልቅ ሣጥን ነው። ማራገቢያው የክፍሉን አየር በክፍተቱ አፍ ላይ ባለው ወንፊት ወደ ውስጥ ይስባል፤ በማጣሪያ የጸዳውን ከላይ ናሙናው ላይ ያወርዳል፤ የተረፈውን በሌላ ማጣሪያ አሳልፎ ያስወጣል። በአጭሩ፣ በእኛና በአክታው መካከል የቆመው ዘበኛ አየሩ ነው። እሱን ተማምነን ጭንብል ከተውን ቆይተናል።

ቴክኒሺያኑ እንደ ወትሯችሁ አዘጋጁት አለን። እትዬ ብርዴ ሳታቅማማ የጓንት ካርቶን ዘርግታ ወንፊቱን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነችው። የሚሳበው አየር እጇን እንዳይቆረጥማት የዘየደችው ነው፤ አራት ወር ሆኖታል። እኔም አልተቃወምኩም፤ እስክሪብቶ ማስቀመጫ አግኝቻለሁ።

ሰውዬው የመፈተሻ ጢሱን ለኮሰ። ወደ ውስጥ መግባት የነበረበት ጢስ ካርቶኑን ታክኮ፣ በመስታወቱ ስር ሾልኮ፣ አፍንጫዬ ድረስ መጣ። ካርቶኑን ሲያነሣው ጢሱ ሰተት ብሎ ገባ። ሰውዬው እስክሪብቶውን አወጣ። ቅጹ ላይ ጻፈ፣ ቦታ ሲያጥረው ገልብጦ በጀርባው ቀጠለ።

"ለእጄ ብዬ እኮ ነው" አለች።

ግቢ ወጥቼ አክታዬን በዕቃ ይዤ ተመለስኩ። ያለ ካርቶን ሠራችው። የመመርመሪያው ማሽን ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስንጠብቅ ሕፃን ልጅህ ስንት ወር ሆነው ብላ ጠየቀችኝ። አምስት አልኳት።

ውጤቱን ቆማ አነበበችው።

"አለብህ፣ የኔ ልጅ።"

ድንጋጤውን ጠበቅሁት። የመጣው ረሃብ ነው።

"አትሰድበኝም?"

"ምሳ ልበላ ነው" አልኳት።

መጀመሪያ ግን ሚስቴ ጋ ደወልኩ። ልጁን ይዘሽ ነይ፣ ሁለታችሁም ትመረመራላችሁ አልኳት። ከጀርባዋ ልጁ በአንድ ነገር ይስቃል።

"ስንት ሰዓት እንምጣ?"

"አሁን።"