የጋሽ ታኮ ንጣፍ

ጋሽ ታኮ ከመሪ ኋላ በቀር ተቀምጦ አያውቅም። ዕድሜውን የሕዝብ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ ወንበር ሲያይ እሾህ ያለበት ይመስለዋል። ሻዩን ቆሞ ይጠጣል፤ ዜናውን እየተንጎራደደ ይሰማል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የድሮ ባልደረቦቹ ናቸው። ዳገትም ይሁን ሜዳ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ሳያደርግ ከአውቶቡሱ አይወርድም ነበር። «ፍሬን ብረት ነው፤ ብረት ይከዳል። ድንጋይ ግን የት ይሄዳል?» ይላቸዋል። እነሱም ይስቁበታል። ሥራው ቢቀርም ስሙ ቀረለት።

ሰሞኑን ደግሞ ጭራሽ ባሰበት፤ እንደ ቆቅ ይባንናል። ሚስቱ ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰብሮ ሆስፒታል ከተኛች ሰንብታለች። ቀዶ ጥገናው ደህና ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ትወጣለች ተብሏል። ግን እስክትጠገን ድረስ ለወራት በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምትንቀሳቀሰው። የሚስቱ ታላቅ እህት ነገር ያመጣችው እዚህ ላይ ነው። እትዬ የሚላት ይህች ሴት አንዴ ከተናገረች ማንም አይመልሳትም።

«እኔ ጋ ትምጣ» አለች በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ። «የኔ ቤት ደልዳላ ነው። ያንተ ጓሮ ጥርሱ የረገፈ አፍ ነው የሚመስለው። ወንበሩን በዚያ ላይ ማን ሊገፋው ነው?»

«ቤቷ እያለ፣ እትዬ?»

«ቤቷማ አለ። መሄጃው ነው የሌለው።»

እውነቷን ነው፤ እሱን ያንገበገበውም ይኸው እውነትነቱ ነው። ከኋላ በር ተነስቶ ወደ ሎሚው ዛፍ የሚሄደው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ይቀራል። ያለውም ቢሆን ገሚሱ ሰምጦ፣ ገሚሱ ጎብጦ፣ በየስንጥቁ ሣር በቅሎበታል። ሚስቱ ደግሞ ያለዚያ ሎሚ ጥላ መዋል አይሆንላትም። ሹራብ የምትሠራው እዚያ ነው፣ ከጎረቤት ጋር በአጥር ላይ የምታወራው እዚያ ነው፣ እሱን የምትቆጣውም እዚያው ነው። አሁን ከሄደች አትመለስም ብሎ ፈራ። ያለእሷ ቤቱ ባዶ ጋራዥ ሆኖበታል። ይህን ፍርሃቱን ግን ለማን ይናገራል? ሆድ ይፍጀው አለና ግንበኛ ጠራ። ለሚስቱም ትንፍሽ አላለም፤ መጥታ ስታየው ትደነቅ ብሎ ነው።

ግንበኛው ከመዶሻው ይልቅ ምላሱ የሚፈጥን ሰው ነበር። አሮጌዎቹን ድንጋዮች በዲጂኖ እየፈነቀለ አወጣ፣ መሬቱን እስከ ሎሚው ድረስ ቆፈረ፣ ጠጠር ደፍቶ ጠቀጠቀ፣ በላዩ አሸዋ አለበሰው። ይህን ሁሉ ደህና ነው የሠራው። ሲባጎውን ወጥሮ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ፣ የትኛው ፊት ወደ ላይ እንደሚሆን እየመረጠ መደርደር ሲጀምር ግን የጋሽ ታኮ ነፍስ ልትወጣ ደረሰች።

«ድንጋይ ነው የምታስቀምጠው ወይስ ሙሽራ ነው የምትመርጠው?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ጋሼ።»

«የኔ እንቁላል ሐሙስ ቤት መግባት አለበት!»

በየቀኑ ፍራፍሬና ንጹሕ ልብስ ይዞ ሆስፒታል ይሄዳል። ዕቃውን ኮመዲኖው ላይ ያኖርና በሩ ጋ ይቆማል። ሚስቱ «ትንሽ ተቀመጥ እንጂ» ስትለው፣ «ጉዳይ አለብኝ፣ እመለሳለሁ» ብሎ ውልቅ ይላል። ጉዳይ መኖሩ ውሸት አይደለም። ግን ደግሞ ሊያያት አልቻለም። ያቺ በአንድ ቃል ቀጥ የምታደርገው ሴት ነጭ አንሶላ ላይ አንሳ ስትታየው እግሩ ወደ ኮሪደሩ ያመልጣል። ከዚያ ይልቅ አሸዋ መንፋት ይቀላል።

ቅዳሜ ንጣፉ ሎሚው ሥር ደረሰ። አምሯል፣ ምንም አይወጣለትም። ጋሽ ታኮ አዲሱን ተሽከርካሪ ወንበር ከቤት አወጣና ደፉ ላይ አቁሞ፣ እስቲ ልየው ብሎ እጁን ለቀቀ። ወንበሩ ትንሽ ቆመ። ከዚያ በራሱ ጊዜ መንገድ ጀመረ። በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ ማንም ሳይገፋው ሄዶ ሄዶ የሎሚው ግንድ ላይ ሲጋጭ ቆመ። አንድ ሎሚ መቀመጫው ላይ ዱብ አለ።

ጋሽ ታኮ ላብ አጠመቀው። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ዘቅዘቅ አድርጌዋለሁ፣ ጋሼ። ውሃው ከቤት እንዲሸሽ ነው። ሲያስቀምጧቸው ፍሬኑን መያዝ ነው እንጂ፣ ወንበሩ እኮ ፍሬን አለው።»

«ፍሬን! ለእኔ ነው ፍሬን የምታወራው?»

«ታዲያ ዝናቡን ወዴት ልላከው? መኝታ ቤት ይግባ?»

ግንበኛው ድንጋዮቹ ቦታ ቦታቸውን ይያዙ፣ መጋጠሚያቸውን ረቡዕ መጥቼ በሲሚንቶ እሞላዋለሁ አለና ዕቃውን ጥግ አስይዞ ሄደ። ጋሽ ታኮ ግን ዓይኑን በከደነ ቁጥር ወንበሩ ይንከባለልበታል፤ አሁን ደግሞ ባዶ አይደለም፣ ሚስቱ አለችበት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እሁድ ረፋዱ ላይ የግንበኛውን ዲጂኖ አነሳ። ድንጋዮቹ ገና አልታሰሩምና ብዙም አልታገሉትም። ከደፉ ቀጥሎ እስከ ሎሚው ያሉትን እየፈነቀለ፣ ሥራቸው አሸዋ እየጨመረ፣ መልሶ በጎማ መዶሻ እየመታ ቀኑን ሙሉ ዋለ። ውሃ ልኩን አስቀምጦ አየ፤ አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እንኳ አንድ ነገር ነው። እሱ ግን በሜዳም ታኮ የሚያደርግ ሰው ነው። ለጥንቃቄ አለና በሎሚው በኩል ያለውን አሸዋ ጨምሮ ከቤቱ በኩል ጥቂት ከፍ አደረገው። ከተንከባለለችም ወደ ቤት ትንከባለል ብሎ አሰበ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ ትንሽ ዕረፍት አገኘ።

ረቡዕ ግንበኛው ሳይደርስ ዝናቡ ቀደመው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ሲያጉረመርም ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ዘረገፈው። ጋሽ ታኮ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲያይ፣ ውሃው ከሎሚው ሥር ቅጠል ሰብስቦ፣ በአዲሱ ንጣፍ ላይ ተደላድሎ ወደ ኋላ በር መጣ። አላንኳኳም። በበሩ ሥር ገብቶ ሚስቱ እንድትተኛበት ያዘጋጀውን ክፍል አዳረሰው፣ አዲሱን ምንጣፍ አራሰው፣ የአልጋውን እግሮች ከበበ። በመጥረጊያ መለሰው፣ በፎጣ መለሰው፣ በመጨረሻ በገዛ ብርድ ልብሱ በሩን ወተፈ። ምንም አልጠቀመም።

ግንበኛው ሲያባራ መጣ። ንጣፉን አየ፣ ውሃ ልኩን አስቀመጠ፣ አረፋዋ ወደ ሎሚው ስትሸሽ አየና ቀና አለ።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ።»

ያ አፈኛ ሰው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሊል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ የጋሽ ታኮን ፊት ሲያይ ዋጠው። «ይነሳል፣ ጋሼ። ግን ለነገ አይደርስም» ብቻ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ሲደርስ እትዬ ሻንጣ እየዘጋች ነበር። ሚስቱ ለብሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ታኮ እንደልማዱ በሩ ጋ ቆመ።

«እትዬ፣ ልክ ነሽ» አለ። «አንቺ ጋ ትሂድ። ቤቱ ውሃ ገብቶበታል።»

እትዬ አልኩ እኮ ልትል አፏን ስትከፍት ሚስቱ እጇን አነሳች። «የምን ውሃ?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፈው። ግንበኛውን፣ ጠጠሩን፣ በራሱ የሄደውን ወንበር፣ እሁድ የሠራውን። እያወራ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሩ ይቆማል። ሲጨርስ ሚስቱ አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች።

«ተቀመጥ።»

«ምንጣፉን ፀሐይ ላይ ሳላሰጣው…»

«ተቀመጥ አልኩህ እኮ!»

ተቀመጠ።

«እሷ ጋ ልሄድ የነበረው ለጓሮው መሰለህ?» አለችው። ድምጿ ቀጠነ። «በየቀኑ እዚያ በር ላይ ቆመህ ትሄዳለህ። ሸክም ሆኜበታለሁ፣ ሊያየኝ አይፈልግም አልኩ። ባሏ አጠገቧ የማይቀመጥላት ሴት ቤቷ ምን ይሠራላታል? እትዬን ውሰጂኝ ያልኳት እኔው ነኝ።»

ጋሽ ታኮ መሬት መሬት አየ። «ፈርቼ ነው» አለ። «እንዲህ ሆነሽ ሳይሽ ፈራሁ።»

እትዬ የተዘጋውን ሻንጣ ከፍታ እንደገና መዝጋት ጀመረች።

«እሺ፣ ለጥ ያለ ማድረጉስ ይሁን» አለች ሚስቱ። «ወደ ቤት ያዘነበልከው ለምንድን ነው?»

«ከተንከባለልሽም… ወደ ቤት እንዲሆን ብዬ ነዋ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ ዳሌዋ ድረስ ወርዶ አመማትና ጎኗን ያዘች። እንዲያም ሆኖ አላቆመችም፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው።

«እትዬ» አለች፣ «ሻንጣውን ለእሱ ስጪው።»

ከሰዓት በኋላ ቤቱ እርጥብ ምንጣፍ ይሸታል። ግንበኛው በደፉ በኩል ያለውን እንደ በፊቱ ዘቅዘቅ አድርጎ ጨርሶ፣ አሁን ሎሚው ሥር ተንበርክኮ ድንጋይ እያነሳ፣ የተጨመረውን አሸዋ እየጫረ ያወጣል። ወንበሩ ከደፉ ወጣ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ዛፉ አድርጎ ቆሟል። ሚስቱ እላዩ ላይ ሆና ግንበኛውን ያቺኛዋ ጎብጣለች፣ ይቺኛዋ ሰምጣለች ማለት ጀምራለች። እሱም በበኩሉ መልስ አላጣም። ጋሽ ታኮ ከኋላ ሆኖ ንጣፉን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ዘቅዘቅ ያለውን አየ። ቀስ ብሎ ወደ አጥሩ ጥግ መራመድ ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አለች ዞር ሳትል።

«ድንጋይ ላመጣ። ለታኮ።»

«ታኮማ አለኝ። ና ቁጭ በል።»

ጋሽ ታኮ ጥቂት አመነታ። ከዚያ መጥቶ ከወንበሩ ፊት ለፊት ንጣፉ ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ለፊተኞቹ ትንንሽ ጎማዎች ሰጠ። መቀመጡን አሁንም አልለመደውም፤ ጉልበቱ ይርገበገባል፣ ወንበሩም አብሮት ይንቀጠቀጣል። ከኋላው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። ምን እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለገውም፤ ሚስቱ ፍሬኑን ለቃዋለች። የወንበሩ ክብደት ጀርባው ላይ አረፈ። ጋሽ ታኮ ጀርባውን አጠንክሮ ተቀመጠ።