አንድ ትርፍ ኪሎ

ተወዳዳሪዎቹ «አያምኔ» የሚሉት ፈታሽ፣ ከብስክሌቱ አስቀድሞ የሚያየው ይዞት የመጣውን ሰው እጅ ነው። የዚህ ሰውዬ እጅ ከኮርቻው ላይ አልነሳ ብሏል።

ሰውየው የተወዳዳሪዋ አባት ነው፤ አሰልጣኟም መካኒኳም እሱው። ልጅቱ ከጎኑ ቆማ የራስ ቁሯን ማሰሪያ ትነካካለች። ውድድሩ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

«እጅዎን ያንሱልኝ፣ ልመዝነው» አለ አያምኔ፤ ብስክሌቱንም ሚዛኑ መንጠቆ ላይ ሰቀለው።

ደንቡ «ከስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም አይነስ» ይላል። ይሄኛው ስምንት ኪሎ መታ። የዚህ ዓይነቱን ብስክሌት ዛሬ ብቻ አራት መዝኗል፤ አንዱም ከሰባት አላለፈ። መክበድ አይከለከልም፤ ግን የትኛው ጤነኛ ነው አንድ ትርፍ ኪሎ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ? ትርፉ ቱቦ ውስጥ የተደበቀ ሞተር ካልሆነ በቀር።

ከኮርቻው በታች ያለውን ቱቦ በጣቱ ቆረቆረው። ባዶ ቱቦ ይጮኻል፤ ይሄ ድምፁን ዋጠ።

«ኮርቻው ይነቀል።»

«ኧረ ጌታዬ!» አባትየው ላብ በላብ ሆነ። «ስንት ቀን ለፍቼ ያስተካከልኩት ከፍታ ይበላሽብኛል።»

«ምልክት አድርገን እንመልሰዋለን።»

ሰውየው ወደ ጆሮው ተጠጋ። «እሷ ዞር ትበልና ለብቻችን እንነጋገር።»

አለቀ። ለብቻችን የሚል ሰው ምን እንደሚፈልግ አያምኔ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራው ጠግቦ አይቷል። ሞተር ከተገኘ ልጅቱ ለዓመታት ትታገዳለች።

«ይፍቱት፣ ጋሼ» አለች እሷ። «እኔ የምደብቀው የለኝም።»

አያምኔ ብሎኑን ፈታ፣ የኮርቻውን ዘንግ መዘዘ፣ ቱቦውን በሽቦ ጎረጎረ። ሽቦው አንድ ነገር ይዞ ወጣ። ሞተር አይደለም። አፉ የተቋጠረ ረጅም ቢጫ ካልሲ ነው፤ ውስጡ ጢም ያለ የብሎን ዳዶ።

«የኔ ካልሲ!» አለች ልጅቱ። «እንዴ፣ አባዬ! ውሻው ወሰደው አላልከኝም?»

አባትየው መሬት መሬት አየ። «ለልምምድ ነው፣ የኔ ልጅ። ጉልበትሽ እንዲጠነክር ብዬ... ትናንት ላወጣው ስል ብስክሌቱን ይዘሽ ክፍልሽ ገባሽ።»

«ሦስት ወር ሙሉ! ‹ሰነፍሽ፣ ዳገት አቃተሽ› እያልከኝ!»

አያምኔ መዝገቡን ገልጦ የሚጽፈው አጣ። በቱቦ ውስጥ የታሰረ ዳዶን የሚከለክል አንቀጽ የለም። «ሕጋዊ ነው» አለ በመጨረሻ፤ ቃሉ ለራሱም አልጣመውም።

«ያለሱስ ልወዳደር እችላለሁ?» አለች ልጅቱ።

«ትችያለሽ።»

ኮርቻውን በምልክቱ ልክ መልሶ አጠበቀው፤ እንደገናም መዘነው። ሰባት ኪሎ። አባትየው ብስክሌቱን ሊያወርድላት እጁን ሲሰድ ልጅቱ ቀደመችውና ወደ ራሷ ሳበችው። ሰዓቷን አየች። ስምንት ደቂቃ። ከዚያም እስከ ዛሬ አንድም ተወዳዳሪ አያምኔን ጠይቆት የማያውቀውን ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ጎማዎቹንም ይፈትሹልኝ።»