የአልጣሽ ክርስትና ልጅ

የአልጣሽ ባል ጉልላት በበረዶ ላይ በሚነዳው ሞተሩ፣ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ማዶ በሚያወጣው ዋሻ ውስጥ ከገባ ዓመት አለፈው። የሞተሩ ድምፅ ግን በየሥራ ቀኑ ይሰማል፤ በየቀኑም ትንሽ ትንሽ ይቀርባል። ዋሻውን በእግር እንኳ ቢሄዱት ከቁርስ እስከ ምሳ አያቆይም። በአገራቸው በውርጭ በር በዚህ የሚደነቅ ሰው የለም። ተራራው ውስጥ በረዶ ሲጥል የኖረ ነው፤ መንገዱም አንዳንዴ ይረዝማል፤ ሰው ደግሞ ከተራራ ጋር አይሟገትም።

ጉልላት የሄደው ከወዲያ ማዶ ጨው ሊያመጣ ነበር። ጨው የተፈለገውም ለበረዶው ነው። በረዶው ከጣሪያውና ከግድግዳው እየወጣ ድንጋዩን ይሰነጥቃል፣ መውጫውንም ያጠባል፤ ጨው ሲነሰንሱበት ግን ይቀልጣል። ጨው አምጪው ሳይመለስ ጨው አለቀና ዋሻውን የመጠበቁ ሥራ አልጣሽ ላይ ወደቀ። እሷም ግድግዳውን በባና ሸፈነችው። ሰውን ከብርድ ያዳነ የበግ ጠጉር ድንጋይን የማያድንበት ምክንያት አልታያትም። በረዶው ባናውን በላው። የአልጋዋን ገፍፋ አመጣች፤ እሱንም በላው። ከዚያ የቀራት መጥረቢያ ብቻ ሆነ። ጠዋት ሞተር የሚያሳልፍ ያህል ትፈለፍላለች፤ እስኪነጋ ይሞላል። ጉልላት ሲደርስ መውጫው ከሞተሩ ከጠበበ አለቀለት። ይህን እሷም ታውቃለች፣ አገሩም ያውቃል።

በሚካኤል ቀን መጥረቢያ ያነሣችው ጨንቋት ነው። ውርጭ በር ላይ በዓል ተሽሮ በረዶ ሳይወርድ ቀርቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና የአገሩን ገብስ ከአፈር ደባለቀው። ከዋሻው የሚበቅለውም በረዶ፣ ከሰማይ የሚወርደውም በረዶ፤ ስማቸው አንድ መሆኑን ሁሉም ሲያውቅ ዝምድናቸውን ልብ ያለው ግን አልነበረም።

ሲመሽ ሽማግሌው አያ ድንቁና የደብሩ ቄስ አባ ገላው ቤቷ መጡ።

«አልጣሽ፣ በሚካኤል?» አሉ አያ ድንቁ።

«ባሌ እየመጣ ነው፣ አያ።»

«እየሰማነው አይደል! እንዳይመጣ ማን ጠላ? ልጆቻችን ግን ምን ይብሉ?»

«ጉልላትም በዓል ያከብራል፤ በበዓል ሞተሩን እንደሚያጠፋ ታውቃላችሁ። እኔም አከብር ነበር። የማያከብረው በረዶው ነው። እኛ ቁጭ ስንል እሱ ይሠራል።»

አባ ገላው ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ምን ያድርግ፤ ክርስትና አልተነሣ» አሉ።

ለቀልድ ነበር የተናገሩት። ማንም አልሳቀም። ሦስቱም ተያዩና ነገሩ መፍትሔ መሆኑ ገባቸው።

በማግስቱ በረዶውን ክርስትና ስለ ማንሣት ተመከረ። ወንድ በአርባ ቀኑ ነው የሚጠመቀው፣ ሴት በሰማንያ። «ከቤት የማትወጣ ናት» ተብሎ ሴት ትሁን ተባለ፤ የወሰኑት ወንዶቹ ናቸው። ሰማንያ ቀንማ ድሮ አልፏታል። ክርስትና አንሺ ሲፈለግ ሁሉም መሬት መሬት አየ። አልጣሽ ወልዳ አታውቅም። «እኔ አነሣታለሁ» አለች፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነው። ስሟ ወለተ ሚካኤል ተባለና አንገት በሚመስለው ቦታዋ ላይ ጥቁር ማተብ ታሰረላት። ጠበሉ ሲነካት ጧ ብላ ተሰነጠቀች። አባ ገላው «አለቀሰች፤ ደግ ነው» አሉ።

በገብርኤል በረዶዋ ንቅንቅ ሳትል ዋለች። አልጣሽ እልል አለች። በማግስቱ መጥረቢያዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ስትመጣ አባ ገላው ዋሻው አፍ ላይ ቆመው ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ልፈልጥ ነዋ፣ አባ።»

«ማንን?»

አልጣሽ በአገጯ ወደ በረዶዋ ጠቆመች።

«ክርስቲያን እኮ ናት» አሉ አባ ገላው። «ያውም ያንቺው ልጅ። እኔም አላሰብኩትም።» መጥረቢያውን ከትከሻዋ ላይ ቀስ አድርገው ወሰዱት።

ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። በረዶዋ እንደ ማንኛዋም የደጋ ልጅ ናት፤ በዓሉን በደንብ ታከብራለች፣ በሥራ ቀን ደግሞ የበዓሉን ጭምር ትሠራለች። አልጣሽ እየሄደች «እናትሽ ነኝ፤ አባትሽን አሳልፊልኝ» ትላታለች። በረዶዋ እያደገች ነው። አልጣሽ እንደዚያ ሰሞን አልቅሳ አታውቅም፤ ይባስ ብሎ ደግሞ ልጅቷን ወደደቻት።

ጉልላት የደረሰው በመድኃኔዓለም ዋዜማ፣ ቀትር ላይ ነው። መውጫው እጅ ብቻ የሚያሾልክ ሆኖ ነበር። የሞተሩ መብራት በቀዳዳው መጥቶ ፊቷ ላይ አረፈ።

«አልጣሽ!»

«አለሁ።»

«መውጫው ምን ሆነ?»

«ልጅ አገኘን» አለችው።

ጉልላት ከሞተሩ ወረደ። ከዚያ የጆንያ አፍ ሲፈታ ተሰማ። «ጨው ይዣለሁ። ልነስንስ?»

አልጣሽ አጠገቧ ወደ ቆሙት አባ ገላው ዞረች፤ እሳቸው ወደ ገብሱ ማሳ ያያሉ። ወደ ማተቡ ዞረች። ባሏን ትፈልገው ነበር፤ ከምንም በላይ ትፈልገው ነበር። «ነስንስ» ማለት ብቻ ነው የሚበቃት።

«ስሟ ወለተ ሚካኤል ነው» አለች።

ጉልላት ጆንያውን መልሶ ሲያስር ሰማችው።

በመድኃኔዓለም ቀን ማንም ሥራ አልሠራም። ባልና ሚስት በቀዳዳው እጅ ለእጅ ተያይዘው ዋሉ። ጨዋታቸውም ስለ ገብሱ፣ ስለ ጎረቤት፣ ልጅቷ ማንን እንደምትመስል ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባ ገላው «በይ አልጣሽ፣ እጅሽን አውጪ» አሉ። አወጣች። በማግስቱ የሥራ ቀን ነበር።

መውጫው ተዘግቶ አሁን የሞተሩ ድምፅ አይሰማም። አልጣሽ በየበዓሉ ከሰዓት በኋላ ሰው የሰጣትን ባና ይዛ ትሄዳለች፤ ክርስትና እናት ልጇን ታለብሳለችና። አልብሳትም ጆሮዋን ትጥልባታለች። ከበረዶዋ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የሞተሩ መብራት ይታያል፤ ጉልላትም ዝግ ባለ ድምፅ ያወራል።

«ተኚ ልጄ» ይላል፤ «ነገ የሥራ ቀን ነው።»

ከዚያ መብራቱ ይጠፋል፤ በበረዶዋ አንገት ላይ ያለው ማተብም እንደ ተኛ ልጅ ትንፋሽ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል።